የከልሶም በኩር ዱሪያን

በፔራክ ወንዝ ዳር “ከልሶም ስትቆጣ ወንዙም መንገድ ይለቃል” ይባላል፤ ውሸት አይደለም። ታላቅ ወንድሟ ሀሩን የአባታቸውን የዱሪያን ዛፍ ቆርጦ ለጣውላ ነጋዴ ከሸጠ ወዲህ፣ አንድ መንደር እየኖሩ፣ አንድ መስጊድ እየሰገዱ ሰላም ብላው አታውቅም። ደግ አደረገች! የአባት ዛፍ ይሸጣል እንዴ?

ከመጨረሻው ፍሬ ዘር አስቀርታ ጓሮዋ ተከለች። “ዱሪያን ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም” ያሏትን ሁሉ ሰድባ አባረረች። ሠርግ ትሂድ ለቅሶ፣ ወሬዋ ያው ነው።

“የአባባ ዱሪያን እኮ ቅቤ ነው! መረር የሚለው ኋላ ነው፤ አድሮም ከአፍ አይለቅ!”

ጎረቤቶቿ “ከልሶም ዱሪያን በወሬ ጠገበች” እያሉ ይስቁባታል። እውነትም ጠግባ ነበር፤ ስታወራ ምራቋ ይሞላል፣ ፊቷ ይፈካል።

ዘንድሮ ዛፉ አፈራ። ዱሪያን አይቀጠፍም፤ እስኪወድቅ ይጠበቃል። አንድ ጠዋት የሰው ራስ የሚያክለው እሾሃም ፍሬ ዱብ አለ። በመንደሩ ወግ የአዲስ ዛፍ በኩር ለቤተሰቡ ታላቅ ሳይቀርብ አይበላም፤ ታላቁ ደግሞ ያው ሀሩን ነው። ጥርሷን ነክሳ ወሰደችለት።

“እንካ ወንድም ጋሼ፣ የቆረጥከው ተመልሶ መጣልህ። ቅመስና እፈር!”

ሀሩን በቢላዋ ፈልቅቆ አንድ ጉርሻ ለእሷ፣ አንድ ለራሱ አወጣ። ከልሶም ጎረሰች። ውሃ! የተቀቀለ ዱባ እንኳ ይሻላል። ደሟ ፈላ።

“ይሄ አይደለም። ዘሩ ከዳኝ!”

ሀሩን ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያላምጣል። “ኧረ ራሱ ነው። ቁርጥ የአባባን!”

“አትቀልድብኝ!”

“ወላሂ አልቀልድም። ድሮም ውሃ ውሃ ይል ነበር። ገበያ ላይ እምቢ ያሉን ለዚህ አይደል? ባይሆን ኖሮ እቆርጠው ነበር እንዴ? ርቦን ነው እህት ዓለም፣ ርቦን ነው የጣፈጠን። ይልቅ ደስ ይበልሽ፤ የተመኘሽውን አገኘሽ።”

ልትሰድበው አፏን ከፈተች። የድሮውን ጣዕም ልታስታውስ ሞከረች፤ ምላሷ ላይ ያለው ግን ይሄ ዱባ ብቻ ነው። ሌላው ጠፍቷል። ቅርፊቱን አንስታ ግቢው ላይ ወረወረችው፤ እሾሁ መዳፏን አደማው።

“ያኔ ዛፉን ስትቆርጥ” አለች፣ “ጣዕሙን እንኳ ትተህልኝ ነበር።”