በበጋ የመጣ ውሃ

በጋለ ሞተር ላይ ሳሙና ያለው ውሃ ሲፈስ የሚወጣውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ላሳጥብ ላቫጆ ገብቼ፣ አጣቢው ኮፈኑን ከፍቶ ውሃውን ሲለቅበት፣ ያ ሽታ ከእንፋሎቱ ጋር ፊቴ ላይ መጣ፤ አጣቢው ደንግጦ «እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?» እስኪለኝ ድረስ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ቆሜ ነበር። ምንም አላመመኝም። ያቅለሸለሸችኝ እኔው ነኝ፣ የአሥር ዓመቷ እኔ።

የምንኖረው እዚሁ ሀዋሳ፣ ከገበያው ብዙም በማይርቅ ግቢ ነበር። አባባ ከፒያሳ ቱላ ሚኒባስ ይነዳ ነበር፤ እማማ ደግሞ መንገድ ዳር ትንሽ ዓሣ ቤት ነበራት። አባባ ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ወርዶ፣ ከአሥጋሪዎቹ ቆሮሶና አምባዛ በሳፋ ተረክቦ፣ የኋላው የተሳፋሪ ወንበር እንዳይበላሽ ብሎ ሳፋውን ጋቢና ላይ፣ ከጎኑ ያስቀምጥ ነበር። ዓሣው ለእማማ ከወረደ በኋላ፣ ሳፋው የነበረበት ቦታ ላይ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበርና።

ክረምቱ እንዳለፈ ብርዱ ስለሚረዳን ሽታው ይቻል ነበር። በጋው ሲጠና ግን፣ ወዮ! ከሳፋው የሚንጠባጠበው ደም የቀላቀለ ውሃ በወንበሩ ስፌት ገብቶ፣ ፀሐይ አግኝቶት፣ ከርፍቶ፣ ዝንብ ይወረው ነበር። ቅርፊቱ ቀሚሴ ላይ እየተጣበቀ ክፍል ድረስ ይከተለኛል፤ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አፍንጫዋን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር፤ ከኋላ ያሉት ደግሞ «እፍ! ዓሣዋ መጣች!» እያሉ ይንጫጩ ነበር። እንጀራዬን እንኳ በሰው ፊት መብላት ትቼ፣ ምሳዬን ሽንት ቤቱ ጀርባ ሄጄ እበላ ነበር። ኤጭ! አሁንም ሳስበው ያስጠላኛል።

አንድ ቀን ማታ ራት ላይ ተናገርኩት። «አባባ፣ ጋቢናው ይከረፋል፤ ልጆቹ ይሰድቡኛል» ከማለቴ በጥፊ አጮለኝ። «እንጀራ የሚሰጥሽን ተጸየፍሽ? ድንቄም እመቤት!» አለ። እማማ ዓሣ ስትበልት የዋለችበትን እጇን በሎሚ እያሸች ነበር፤ ማሸቱን አቆመችና እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀችው። ጥፊው ያን ያህል አላመመኝም፤ የእማማ እጅ ነው ያመመኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሽታ በቤታችን አልተነሣም።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ዘዴ ዘየድኩ። አባባ ዓሣውን አውርዶ ቁርሱን ለመብላት ሲገባ፣ እማማም ጓዳ ስትሆን፣ አንድ ባልዲ ውሃ ሳሙና በጥብጬ ጋቢናው ወንበር ላይ እደፋና በጨርቅ ፈትጌ ፈትጌ አደርቀው ነበር። የሚኒባስ ሞተር ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው፤ መቀመጫዬን እያሞቀኝ ስለምሄድ ይህንን አሳምሬ አውቃለሁ። የደፋሁት ውሃ በወንበሩ ሥር ወዴት እንደሚሄድ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም፤ እኔ የምፈልገው ሳልሸት ክፍል መግባት ብቻ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መኪናው ጠዋት ጠዋት አመል አወጣ። አባባ ሲያስነሣው ይንቀጠቀጣል፣ ይንተፋተፋል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ሰላም ይሆናል። መካኒካችን ጋሽ ዱካሌ ነበሩ፤ ከእኛ ግቢ በሦስተኛው በር፣ ዋርካ ሥር ሸራ ወጥረው የሚሠሩ፣ አባባን በዕድሜ የሚበልጡ፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሰው። አባባ እርሳቸው ጋ እስኪደርስ ሞተሩ ስለሚሞቅና ውሃው ስለሚተን፣ ቢፈትሹት ቢፈትሹት ጥፋት ሊያገኙበት አልቻሉም። በመጨረሻ አባባ የሞተሩን እሳት የሚጭሩ አራት አዲስ ካንዴላዎች አምጥቶ «ቀይሩልኝ» አላቸው፤ ቀየሩለት። በማግስቱም ያው ሆነ። አንዱ የታክሲ ተራ ጓደኛው «አዲሱን አስቀርተው አሮጌ ከተውልህ ነዋ!» አለውና ያቺ ወሬ አባባ ልብ ውስጥ ገባች።

ጋሽ ዱካሌ ይህንን ሲሰሙ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ላየው ብለው አንድ ጠዋት በማለዳ ግቢያችን መጡ። እኔ አጥቤ ጨርሼ ባልዲውን ከበርሜሉ ኋላ ደብቄ ነበር። አባባ መኪናውን አስነሣ፤ ተንተፋተፈ። እርሳቸው የጋቢናውን ወንበር ከፍ አድርገው፣ የካንዴላዎቹን ገመድ ተራ በተራ እየነቀሉ ያዳምጡ ጀመር። አንደኛውን ሲነቅሉ ሞተሩ ይብሱን ተዳከመ፣ ሁለተኛውንም እንዲሁ፤ ሦስተኛውን ሲነቅሉት ግን ድምፁ ፈጽሞ አልተለወጠም። «ይኸው፣ የማይሠራው ይሄ ነው» አሉና ሞተሩን አስጠፍተው፣ ካንዴላው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ በካቻቢቴ ጫፍ የተጠቀለለ ጨርቅ ሰደዱበት። ጨርቁ ርሶ ወጣ። ጉድጓዱን አድርቀው ገመዱን መልሰው ሲያስነሡት ሞተሩ ጸጥ ብሎ ሠራ።

«ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶታል፤ እሳቱ ካንዴላው ጋ ሳይደርስ በውሃው በኩል ወደ ብረቱ ይሾልካል» አሉ።

«በበጋ ምን ውሃ አለ?» አለ አባባ። «የዓሣው ይሆን?»

ጋሽ ዱካሌ ጨርቁን ጨመቅ አድርገው አሸተቱት። «የዓሣ ውሃ አረፋ አይሠራም። ይሄ ሳሙና ነው። ጋቢናውን የሚያጥብ ሰው አለ?»

አባባ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ነሽ?»

የእማማ እጅ ትዝ አለኝ፤ ጥፊውም ትዝ አለኝ። «ማርያምን! አልነካሁትም!» አልኩ። ምላሴን አላደናቀፈኝም፤ ውሃ እንደ መጠጣት ነው የማልኩት።

በእኛ ቤት ማርያምን ያለ ሰው እውነቱን ነው። አባባ ፊቱ ጠቆረ፤ ዕድሜ ልኩን «እርስዎ» ሲላቸው የኖረውን ሰውዬ «አንተ» ብሎ ጀመረ። «አንተ! ካንዴላዬን መውሰድህ ሳያንስ በልጄ ታሳብባለህ?» አላቸው። ጋሽ ዱካሌ እኔን አዩኝ፣ ጨርቁን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሦስት የሰፈር አዛውንት ግቢያችን ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ አንደኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ «ዱካሌ፣ ነገር አናብዛ። ያየ ሰው የለም። መጽሐፉን መትተህ ማልና በሰላም ሂድ» አላቸው። እንግዲህ በሽማግሌዎቹ ወግ ከዚህ የቀለለ ፍርድ የለም፤ የማለ ነጻ ይወጣል። ጋሽ ዱካሌ ግን ጴንጤ ነበሩ፣ ያውም የምራቸውን። «እኔ አልምልም» አሉ። «አልወሰድኩም ካልኩ አልወሰድኩም ነው። ከዚያ በላይ የምጨምረው ቃል የለኝም።» ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ንጹሕ ሰው መሐላ ምን ያስፈራዋል?» አለ አንዱ። በዚያው አለቀ። በእውነት ያልማሉት ሌባ ተባሉ፣ በሐሰት የማልኩት እኔ ደግሞ ያን ዕለት ለሽማግሌዎቹ ጠላ ቀዳሁ። ቱ! አንድ ጠብታ እንኳ አልደፋሁም።

የታክሲ ሰዎች ከእርሳቸው ጋራዥ ቀሩ። እርሳቸው ጠዋት ጠዋት ያቺን ሸራ ወጥረው ዋርካው ሥር በርጩማ ላይ ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ፣ እኔ በዚያ በኩል ላለማለፍ ብዬ ዞሬ እሄድ ነበር። ሰኔ ላይ ሸራቸውን አውርደው፣ ሚስታቸውን ይዘው ቱላ ወደ ዘመዶቻቸው መሬት ሄዱ።

ክረምት ገባ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ እኔም እስከዚያ በድብቅ የቀጠልኩትን ማጠብ ተውኩ። አባባ ሌላ መካኒክ ዘንድ ሄዶ ካንዴላ ቢያስቀይር መኪናው ዳነ፤ በዚያ ሁሉ ዝናብ አንድም ቀን ሳይንተፋተፍ ከረመ። «አያችሁ? ሌባው ሲሄድ መኪናው ተፈወሰ!» እያለ ለመንገደኛው ሁሉ ያወራ ነበር። ለምን እንደዳነ በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ባልዲውን አልነካሁም። ሽታውን ስለቻልኩት አይደለም፤ ባጥበው መኪናው እንደገና ይታመማል፣ ከታመመ ደግሞ የጋሽ ዱካሌ ንጽሕና ይወጣል፣ የእኔም ጉድ ይወጣል ብዬ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ አስልታ፣ ከርፍታ መማርን መረጠች። ልጅነት የዋህ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም ነው የምለው።

ከላቫጆው በማግስቱ ቱላ ሄድኩ። ጠያይቄ አገኘኋቸው፤ አርጅተዋል፣ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። የማን ልጅ እንደሆንኩ ነግሬያቸው፣ ሳልቀመጥ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«አውቃለሁ» አሉ። «የዚያኑ ዕለት እጅሽ እርጥብ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ተናገርኩ እንጂ። ከዚያ በላይ ምን ልበል? ልጅን አስገድጄ ላናዝዝ?» ከጎናቸው ያለውን ቦታ እያሳዩኝ «ይቅር ብዬሻለሁ፣ ተቀመጪ» አሉ። ተቀመጥኩ።

«አባትሽ ደኅና ነው?»

«አርፏል።»

«ሽማግሌዎቹስ?»

«ሁለቱ አርፈዋል። አንዱ አዲስ አበባ ልጁ ዘንድ ነው፤ ሰው አይለይም አሉ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባለቤቴም አርፋለች። ደግ ሴት ነበረች፤ ግን አንዳንዴ፣ ብቻችንን ስንሆን፣ ‹እውነት ግን አልወሰድከውም?› ትለኝ ነበር።» ከዚያ አዩኝ፣ ያለ ቁጣ። «ታዲያ ልጄ፣ አሁን ለማን ልትነግሪልኝ ነው?»

ያኔ አንዲት «አዎ» ትበቃ ነበር፤ ግቢያችን ውስጥ፣ በአባባ ፊት፣ በአንድ ጥፊ የምታልቅ። ዛሬ የፈለግኩትን ያህል ብናገር የሚቆጣኝም የሚመታኝም የለም። ይኸው፣ ለእናንተ ነገርኳችሁ። እናንተ ግን ጋሽ ዱካሌን አታውቋቸውም።