እንተያያለን የተባለው ውሻዬ

ዛሬም ገበያ መሀል ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ ሌላውን «እንተያያለን!» ብሎ ሲዝትበት ስሰማ፣ ከኋላዬ የውሻ ኮቴ የሚመጣ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ። እንተያያለን የውሻዬ ስም ነበር፤ ስሙን ያወጣሁለትም እኔ ነኝ፣ በቅናት።

ክረምቱ እንደገባ አባባ ከገነተ ማርያም ሁለት ቡችሎች በጋቢያቸው ጠቅልለው አመጡልን፤ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለታናሽ እህቴ ለትርንጎ። ትርንጎ ከተወለደች ጀምሮ የቤቱ ዓይን እሷ ላይ ነበር፤ ስትስቅ ይሳቅላታል፣ ስታለቅስ እኔ እጠየቃለሁ። እሷ የራሷን ቡቺ አለችው። እኔ ግን በአገራችን የውሻ ስም ለባላንጣ የሚላክ መልእክት መሆኑን አውቅ ስለነበር፣ መልእክቴን ለእህቴ ላክሁ።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲጠነክር አጎታችን ከኮን መጥተው ለቤታቸው ጠባቂ ውሻ ለመኑ። አባባም «ገብሱ ይታጨድና ማሳው ላይ ይሩጡ፤ ዝንጀሮ የሚያባርርልኝ ፈጣኑ ይቀራል፣ ሌላው ኮን ይሄዳል» ብለው ፈረዱ። እሳቸው ከማሳው ወዲያ ጫፍ ሁለቱን ይለቃሉ፣ እኛ ከወዲህ ቆመን እንጠራለን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልጠና ያዝን። እኔ ከጠዋት እስከ ቀትር «እንተያያለን! እንተያያለን!» እያልሁ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እጣራ ነበር፤ ያን የሚያህል ስም ጠርቼ እስክጨርስ ውሻው ሌላ ነገር ሲያሸት ይገኛል፣ ደግሞም ጎረቤት በተጣላ ቁጥር ስሙን ስለሚያነሳው መጠራትን ከቁም ነገር መቁጠር ተወ። በመጨረሻ ሲመጣ «ምነው ዘገየህ?» ብዬ በአርጩሜ እሸነቁጠውና፣ ቤት ገብተን ከቆየን በኋላ አዝኜለት እንጀራ እሰጠው ነበር። ትርንጎ ግን አንድ ጊዜ ጠርታ ዝም ትላለች፤ ቁጢጥ ብላ ትጠብቀዋለች፣ እንደደረሰ ቁራሽ ታጎርሰዋለች፣ ገና ጨዋታው እያማረው ታቆማለች።

«እትዬ፣ ሲመጣማ አትምቺው» ትለኝ ነበር።

«ደግሞ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

ልክ መሆኗ ነበር ይበልጥ ያንገበገበኝ። ጥቅምት ሲጋመስ ውሻዬ እሷን እየተከተለ መውጣት ጀመረ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይሉ የለ፤ የእኔው እኔ ጋ በልቶ እሷ ጋ ይጮኽ ነበር።

ኅዳር ላይ ገብሱ ታጨደና ቀኑ ደረሰ። አባባ ሁለቱንም ሲለቋቸው፣ እግረ ረጅሙ እንተያያለን ገና መሀል ማሳ ላይ ቡቺን ጥሎት ሄደ። ስጠራው ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ፣ መጣ፣ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው በደስታ ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። ያነሳሁትን እጅ አይቶ ጆሮውን አጣበቀና ታጥፎ ትርንጎ እግር ሥር ተኛ።

«መቼም የፈጠነው ፈጥኗል» አሉ አባባ፤ በማግስቱ ቡቺ ከአጎታችን ጋር ኮን ሄደ። ትርንጎ ሦስት ቀን አለቀሰች። አሸናፊዋ እኔ ነበርሁ፤ ውሻዬ ግን ከእሷ ጎን ተጋድሞ እንባዋን ይልስላት ነበር፣ እኔም ለሐዘኗ ማዘን ሲገባኝ በተላሰው ጉንጯ ቀናሁ።

ዛሬ ትርንጎ ከቤቴ ሁለት በር አልፋ ትኖራለች። ባለፈው ሳምንት ልጄ ፈተና ወድቃ ስትመለስ፣ የእኛን ደጅ አንገቷን ደፍታ አልፋ ወደ አክስቷ ቤት ስትገባ በመስኮት አየኋት። ያኔ ቢሆን ወሰደችብኝ ብዬ መንደሩን አተራምስ ነበር፤ አሁን እህቴ ማንንም ወስዳብኝ እንደማታውቅ ገብቶኛል። ልጄ እስክትመለስ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት። ቅናቱ ግን ያው ነው።