የማርማላታ ጠርሙሱ ትንኞች

እናቴ ጠላ ስትጠምቅ ቤታችን ሁለት ዓይነት እንግዳ ይመጣበታል፤ የተጠራ እንግዳና ትንኝ። ያን ሰሞን ኮልፌ ያለ ትንኝ ሁሉ ተጠራርቶ እኛ ቤት ገብቶ ነበር። ጋኑ ጓዳ፣ የአተላው በርሜል በረንዳ፣ ትንኙ ደግሞ አፍንጫችን ውስጥ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ግድ የሚሰጠው አልነበረም። እሑድ ግን ሽማግሌዎች ታላቅ እህቴን ለትዳር ሊጠይቁ ይመጣሉ። እናቴ "ሽማግሌ ብርጭቆ ውስጥ አንዲት ትንኝ ብትገኝ፣ እኔ ከዚህ ሰፈር ለቅቄ ነው የምሄደው" አለችና ወደ እኔ ዞረች፤ "ትንኙ ያንቺ ሥራ ነው።" አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ለነገር ማንም የማይቀድመኝ፣ ለሥራ ግን የምለግም ልጅ ነበርኩ።

እህቴን ያስጨነቃት ሌላ ነው። ሽማግሌ የላከው የምትወደው ልጅ አዲስ የተመረቀ አስተማሪ ነበር። ምደባው ጠረፍ ደርሶት በሳምንቱ መሄዱ ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ምደባ አልፈልግም አይባልም። አባታችን ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ሳያመላልስ ልጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም። ታላቅ ወንድሙም "በአንዴ ከሰጠህ ልጅቱ የሰለቸችህ ትመስላለች" ብሎ አስጠንቅቆታል። "በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ" ካለ ልጁ ሄደ ማለት ነው። እህቴ ይሄን እያሰበች ሽንኩርት ሳትልጥ ታለቅስ ነበር።

ሰኞ ዘመቻዬን ጀመርኩ። መጀመሪያ የባሕር ዛፍ ቅጠል አጨስኩ። ትንኞቹ ወጥተው ቤቱ እስኪናፈስ ጠብቀው ተመለሱ፤ እኛ ግን ሦስት ቀን ሳልን። ከጎረቤት ፍሊት ተውሼ ስመጣ እናቴ "ሽማግሌ ልትገድይብኝ ነው?" ብላ ከበር መለሰችኝ። በመጨረሻ አንድ የማርማላታ ጠርሙስ አጥቤ ጠላ ጠብ አደረግኩበትና የበሰበሰ ሙዝ ጨመርኩበት። ከደብተሬ ወረቀት ገንጥዬ ቆሎ ሻጮች እንደሚያደርጉት ጠቀለልኩ፤ ጫፉን በስቼ አፉ ላይ ሰካሁት። ትንኝ መግቢያውን ያገኘዋል፣ መውጫው ይጠፋዋል። አተላውንም ለጎረቤት ላሞች አስወሰድኩ። ቅዳሜ ላይ ትንኝ የሚርመሰመሰው ጠርሙሱ ውስጥ ብቻ ነበር። እናቴ "እሰይ የኔ ልጅ" አለችኝ፤ ይሄ ከእሷ አፍ በዓመት አንዴ ቢወጣ ነው።

እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። ጠላ ተቀዳላቸው። ወጉ ነውና ጥያቄያቸው ሳይመለስ ከአፋቸው አያደርጉም፤ ሦስቱ ብርጭቆዎች እንደሞሉ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አሉ። እኔና እህቴ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆመን እንሰማለን።

"ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ አስኮ መንገድ አወራ። ከዚያ "መቼም የዘመድ አዝማድ ነገር ነው፣ መምከር ይኖርብናል" ማለት ሲጀምር እህቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው።

አንጀቴን በላችው። ጠርሙሱ እዚያው ጓዳ፣ እግሬ ሥር ነበር። ሳምንት ሙሉ የለፋሁበትን ወረቀት መዝዤ አወጣሁና ጠርሙሱን በእግሬ ገፋ አድርጌ በመጋረጃው ሥር ወደ ሳሎን ብቅ አደረግኩት።

ትንኝ ጠላ ያለበትን ለማወቅ ጠቋሚ አያስፈልገውም። ብዙም ሳይቆይ ብርጭቆዎቹ ላይ ይዞር ጀመር። ሽማግሌዎቹ ጨዋ ናቸው፣ እንዳላዩ ሆኑ። አንደኛው ጢማቸው ላይ ያረፈችውን እንኳ እሽ አላሉም። እናቴ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ዓይኗ ከብርጭቆው ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ ብርጭቆው ይመላለሳል።

አባቴ "እንግዲህ በአሥራ አምስት ቀን..." ብሎ ጀመረና ቆመ። ቁልቁል አየ።

"ሰውን በጥም ማቆየት ነውር ነው" አለ። "ሰጥተናል። ጠጡ።"

"መጀመሪያ ይቀየርላቸው" አለች እናቴ፣ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች። እልልታዋን ጨርሳ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠርሙሱን አገኘችው፤ ኩርኩሟ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

በዚያው ሳምንት ተጋቡና አብረው ጠረፍ ሄዱ። ከዓመት በኋላ ልጃቸውን ክርስትና ለማስነሳት መጡ፤ እኔና አባቴ ጎን ለጎን ተቀምጠን እህቴ ልጇን ታቅፋ ስትስቅ እናያታለን።

"ያን መጋረጃ የሰቀልኩት እኔ ነኝ" አለኝ፣ ሳልጠይቀው። "ከወለሉ አንድ ስንዝር ያጥራል።"

"አየኸኝ እንዴ አባባ?"

"እግርሽንም ጠርሙሱንም አየሁ።" ዓይኑን ከእህቴ ላይ አላነሳም። "ሳምንቱን ሙሉ ስታለቅስ እሰማት ነበር፣ ግድግዳው ጭቃ ነው እኮ። ለወንድሜ የምሰጠው ሰበብ ነበር የጠፋኝ።"