ቤተሰብ ጠያቂው ተማሪ

እዚህ ፑዌብላ፣ ገበያችን ውስጥ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ የውጭ አገር ተማሪ ይመጣል። በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ከሸክላዎቼ ፊት ለፊት ይገተራል። የሜክሲኮን የንግድ ባህል ነው የሚያጠናው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስካሁን አንዲት ቲማቲም እንኳ ሲገዛ አላየሁትም። «የሽያጭ ስልትዎ ምንድን ነው?» ይለኛል። ስልቴ ማሰሮዎቹ እንዳይሰበሩ መጠንቀቅ ነው።

የምንስቀው ግን በሰላምታው ነው። «ሜክሲኮአውያን ስለ ሥራ ከማውራታቸው በፊት ስለ ቤተሰብ ይጠያየቃሉ» ብለው ትምህርት ቤት አስተምረውታል መሰለኝ፣ ደብተሩን ገልጦ «ቤተሰብዎ እንዴት ናቸው?» ይላል፤ መልሱን ሳይሰማ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ያልፋል።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴን፣ በርበሬ ሻጯን ዶኛ ኤውላሊያን ጠየቃት።

«ባሌ ታሟል፤ እግሩን ሊቆርጡት ነው» አለችው።

«በጣም ጥሩ» ብሎ ጻፈ።

እኔ ሳቄን ለመደበቅ ጎንበስ አልኩ። እሷ አልሳቀችም።

«ያንተስ፣ ልጄ? እናትህ ደህና ናት?»

መልሱን ፍለጋ ደብተሩን ሁለት ገጽ ገለጠ።

«ሞተች፤ በጥር። ፈተና ነበረብኝ፣ አልሄድኩም።»

ዶኛ ኤውላሊያ ተነስታ በርጩማዋን ለቀቀችለት። አልተቀመጠም። ሰዓቱን አይቶ «ደንበኞችዎ በወር ስንት ጊዜ ይመለሳሉ?» አላት። እሷም ቀስ ብላ አስረዳችው። እሱ ግን ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፈ ቆመ እንጂ አንዲት ቃል አልጻፈም።