በራሱ አይከፈትም የተባለው ዘለበት

በፍኖተ ሰላም የእጅ ሰዓት የሚያስር ሰው ሁሉ፣ ቢወድም ባይወድም፣ አንድ ቀን እኔ ደጃፍ ይመጣል። ይህን የምለው ለመመካት ነው፤ የምመካበት ስላለኝ አላፍርም። ሰዓት ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም። እየፈታሁ፣ እየገጠምሁ፣ በገዛ ዓይኔና በገዛ ጣቴ የተማርሁት ነው። ዛሬ ከማንኩሳም ከፈረስ ቤትም ይመጡብኛል። ከቡሬ እንኳ ይመጣሉ። ቡሬ ሰዓት ሠሪ ጠፍቶ አይደለም፤ አለ፤ እኔን የሚያህል ግን የለም። ወጣቶቹ “ስልክ እያለ ሰዓት ምን ይሠራል?” እያሉ ያልፋሉ። ሠርጋቸው ሲደርስ ግን በባዶ እጅ ፎቶ መነሣት ያሳፍራቸውና ራሳቸው ተሰልፈው አገኛቸዋለሁ።

ሌላም ሙያ አለኝ፤ እሱም መጠርጠር ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ሰዓት ሲቀመጥ ከሰዓቱ በፊት የማየው ያመጣውን ሰው ነው። የራሱን ሰዓት ያመጣ ሰው ከእጁ ፈትቶ ፊቱን ወደ ላይ ያስቀምጠዋል። በጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣው ግን የሚደብቀው ነገር አለው።

ያ ሰውዬ በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር ያመጣው። ቅዳሜ ገበያ፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት ሳምንት ነው። ከቡሬ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ፣ በርበሬና በቆሎ በብዛት የሚያመርት፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ፣ ረጅም መቋሚያ የያዘ እኩያዬ ነው። ስም ስለማልጠራ ባለሰዓቱ እለዋለሁ።

“እንዴት ሰነበቱ፣ ባለሙያው?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። የማን ነው?” አልሁ፣ ጨርቁን ሳልነካ።

“የማን ሊሆን! የኔ ነዋ። ልጄ ነው ገዝቶ የሰጠኝ።”

“ታዲያ ለምን ጠቀለሉት?”

“አንቱ ሰዓት ሠሪ ነዎት ወይስ መርማሪ?”

“ሁለቱም ነኝ።”

ሳቀ፤ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ከኔ እጅ በቀር ማንም የማይከፍተው ዘለበት ይግጠሙልኝ።”

“ማን ከፈተብዎት?”

“ምራቴ።”

ጨርቁን ፈታሁት። ቡናማ የቆዳ ማሰሪያ ያለው ደህና ሰዓት ነው። ዘለበቱ ታጣፊ ነው። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ተራው ዘለበት እንደ ሱሪ ቀበቶ ምላሱን ቀዳዳ ውስጥ ከትተው የሚያስሩት ነው። ታጣፊው ግን አንዱ በሌላው ላይ የሚታጠፍ ስስ ብረት ሲሆን ከእጅ አንጓ በታች ጠቅ ብሎ ይዘጋል። ሲከፈት ማሰሪያው ለሁለት አይለያይም። እንደ ቀለበት ክብ ሆኖ ይቆይና እጅ የሚያሳልፍ ያህል ይሰፋል። አንዳንዱ ሲስቡት ይከፈታል፤ አንዳንዱ ደግሞ በጎንና በጎኑ ሁለት ትናንሽ መጫኛዎች አሉት፣ እነሱ ሲጫኑ ይከፈታል። የባለሰዓቱ ባለመጫኛው ነበር።

ነገሩን እንዲህ አወራኝ። ልጁ በንግድ ምክንያት ወጣ ገባ ይላል። የልጁ ሚስት ግን ከአማቶቿ ጋር አንድ ግቢ ነው የምትኖረው። ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም በኩል የመጣች ልጅ ናት። አንድ እሑድ ባለሰዓቱ ከቅዳሴ ሲመለስ ጋቢውን ተቀበለችው። ሰዓት ሊያይ እጁን ቢመለከት ባዶ ነው። ወዲያው ልጅቷ ሰዓቱን ይዛ መጣች፤ “ጋቢው ውስጥ አገኘሁት” አለች። በሌላ እሑድም እንደዚያው ሆነ፤ ያኔ በጎረቤት ፊት ሌባ አላት።

“ሁለቱንም ጊዜ ተዘግቶ ነው ያመጣችው!” አለኝ ጠረጴዛውን እየመታ። “ራሱ ተከፍቶ፣ ራሱ ወርዶ፣ ራሱ ተዘጋ? ማሰሪያውን ቡሬ የሸጠልኝን ሰው ብጠይቀው ያለ ሰው እጅ አይከፈትም ብሎኛል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ይቀመጡና ወደ አባቷ ትሄዳለች። እጇ የማያርፍ ምራት ይዤ አልኖርም።”

“ልጅዎስ ምን አለ?”

“ምን ይላል? እኔ ያልሁትን ይሰማል።”

እኔም በየተራ ሁሉንም ጠረጠርሁ። መጀመሪያ ልጅቷን ጠረጠርሁ፤ ግን የሰረቀ ሰው መልሶ ያመጣል? ቀጥሎ ሰውዬውን ጠረጠርሁት፤ ልጅቷን ጠልቷት ምክንያት ፈልጎ ይሆን? ከዚያ ዘለበቱን በማጉያ መነጽር አየሁትና የቡሬውን ሻጭ ጠረጠርሁ። ዘለበቱ ከማሰሪያው ስፋት ያነሰ ስለነበር ቆዳውን ጨምድዶ በግድ ነው የከተተው። የማሰሪያውን አጭር ወገን ለሰውዬው አንጓ አስተካክሎ አልቆረጠውም። ስለዚህ ዘለበቱ በአንጓው መሐል መቀመጥ ሲገባው ወደ ትንሿ ጣት በኩል ሸሽቷል። የመጫኛዎቹ ሞላም ላልቷል።

“እጅዎ ላይ ይሰሩትና ይቁሙልኝ” አልሁት። “ቤተ ክርስቲያን እንደሚቆሙት።”

መቋሚያውን ተከለ፣ ሁለት እጁን በመቋሚያው ራስ ላይ አነባብሮ ክብደቱን ጣለበት። በኛ አገር ቅዳሴ የሚያስቀድስ ወንድ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚቆመው። ጠቅ ሲል ሰማሁ። እሱ አልሰማም።

“ተከፍቷል፤ ይዩት” አልሁት።

እጁን አነሣ፤ ሰዓቱ ወደ ክርኑ ሸርተት አለ። ሰውዬው ዓይኑን ከሰዓቱ ወደ እኔ መለሰ። “አንቱ ነካክተውታል! ሲመረምሩት አንድ ነገር አድርገውበታል።”

“ምን አደርግበታለሁ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ! ምራቴ ቀድማኝ መጥታ ነበር እንዴ? ምን ሰጠችዎት?”

ብዙ ክፉ ቃል ከአፌ ሊወጣ ነበር፤ ዋጥሁት። አዲስ ዘለበት ገጥሜ ልሸኘው እችል ነበር። ግን ልጅቷ የሌባ ስም ይዛ ገበዝ ማርያም ብትመለስ ማን ደፍሮ ያገባታል? አባቷስ በየት በኩል ቀና ብሎ ይሄዳል? ደግሞም ሰውዬው እኔን ጠርጥሯል። እኔ እጠረጥራለሁ እንጂ አልጠረጠርም።

“እንዳለ ይዋል፤ አልነካውም” አልሁት። “አብሬዎት እመጣና ነገ ሽማግሌዎቹ ፊት አሳይዎታለሁ።”

ከሰዓት በኋላ አብረን በሚኒባስ ወደ ቡሬ ሄድን። እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ተቀምጠን ሁለታችንም ኪሳችንን እንደያዝን ደረስን።

ከቡሬም አልፈን ቤቱ ስንገባ ልጅቷ የእጅ ውሃ አመጣች። ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። ባለሰዓቱ ከብቶቹን ሊያይ ሲወጣ ጠየቅኋት።

“ሰዓቱን ስታገኚው ክፍት ነበር ዝግ?”

“ክፍት ነበር፣ አባቴ። እንዳይሰበር ብዬ ዘጋሁት።”

“ለምን አልተናገርሽም?”

“ተናግሬያለሁ። ማን ሰማኝ?”

ቶሎ አላመንኋትም። ታጣፊ ዘለበት ያለው ሌላ ሰዓት በኪሴ ይዤ ነበር። ከፈትሁና “እስቲ ይቺን ያዥልኝ” ብዬ ሰጠኋት፤ እጄን ታጠብሁ። “አምጪ” ስላት ሰዓቱን ዘግታ ነው የመለሰችልኝ። መዝጋቷን ራሷም አላወቀችም። እዚያ ላይ አመንኋት።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ከመግባታችን በፊት ከሽማግሌዎቹ ዋናውን ለብቻ ጠራሁ። “አያ፣ ዛሬ አስቸግርዎታለሁ። ከባለሰዓቱ አጠገብ ነው የምቆመው፤ እጄን ይጠብቁልኝ።”

“ምን ሊሰርቁ ነው?”

“ሌባ እንዳልባል ነው።”

በወንዶች በኩል ቆምን። ልጅቷ በሴቶች በኩል፣ ከኛ ርቃ ነበረች። እኔ ሁለት እጄን ከመቋሚያዬ ራስ አላነሣሁም። ባለሰዓቱ እጆቹን ከጋቢው ሥር አድርጎ መቋሚያው ላይ ተደገፈ። ቅዳሴው ረዘመ። አንድ ጊዜ እግሩን ሊለውጥ ብሎ ግራ እጁን ወደ ታች ሲለቅ የጋቢው እጥፋት ነቅነቅ አለ። እሱ ወደ መጋረጃው ነበር የሚያየው፤ እኔ ግን ጋቢውን።

ስንወጣ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ልጅቷ ነጠላዋን ተከናንባ ራቅ ብላ ቆመች። ማንም አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምሁ።

“ጌታው፣ ስንት ሰዓት ሆነ?”

እጁን ከጋቢው አወጣ። ባዶ ነው። ፊቱ ጠቆረ፤ አንቱታውንም ረሳው።

“አንተ! አጠገቤ የቆምኸው አንተ ነህ! አመጣጥህ አልገባኝም መስሎሃል? እናንተ ሰዎች፣ ይፈተሽልኝ!”

“ዝም በል” አሉት ዋናው ሽማግሌ። “የሰውየው እጅ ከመቋሚያው አልተነሣም። ቅዳሴውን ትቼ እጁን ስጠብቅ ነው የቆየሁት፤ ኃጢአቱ በሱ ላይ ይሁን። ይልቅ ጋቢህን አራግፍ።”

“ጋቢዬን ምን…”

“አራግፍ አልሁህ!”

አራገፈው። ሰዓቱ ሣሩ ላይ ዱብ አለ። አንሥቼ ለሁሉም አሳየሁ፤ ዘለበቱ ክፍት ነው። የቡሬው ሻጭ የት ላይ እንዳጠፋው፣ መቋሚያው ራስ መጫኛዎቹን እንዴት እንደሚጫናቸው አስረዳሁ። ምናልባት ትንሽ አስረዘምሁት፤ አንዱ ሽማግሌ “በቃ ገብቶናል፣ ሰባኪው!” ብለው አስቆሙኝ።

ባለሰዓቱ ወደ ልጅቷ ሳያይ “እንግዲህ ወደ ቤትሽ ግቢ” አላት።

አልሄደችም። “ጌታዬ፣ ሌባ ያሉኝ በሰው ፊት ነው። አይደለችም የሚሉትም በሰው ፊት ይሁን።”

ሽማግሌዎቹ ወደ ባለሰዓቱ ዞሩ። መቋሚያውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። በመጨረሻ “አይደለችም። ምራቴ ሌባ አይደለችም” አለ። አንዱ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ “ምን አለ?” ቢሉ፣ ደግሞ ጮክ ብሎ እንዲናገር ሆነ።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልዘርዝር፤ ሌላ ሰው ቢዘረዝረው ያሳንሰዋል።

በገዛ ዓይኔና በገዛ ጆሮዬ የዘለበቱን ጥፋት አገኘሁ።

የቡሬውን ሻጭ ቃል ሽማግሌ ፊት ውድቅ አደረግሁ።

ሌባ ሊለኝ የተነሣን ሰው አፍ፣ እሱ ከማሰቡ በፊት በምስክር ዘጋሁ።

በቀጣዩ ገበያ የማሰሪያውን አጭር ወገን ቆርጬ፣ በስፋቱ ልክ የሆነ፣ መጫኛ የሌለው፣ ሲስቡት ብቻ የሚከፈት ዘለበት አንጓው መሐል ላይ አስቀመጥሁ። ባለሰዓቱ ሱቄ ውስጥ መቋሚያው ላይ እየተደገፈ ደጋግሞ ሞከረው፤ አልተከፈተም። አሮጌውን ዘለበት “ይመለስልኝ” ብሎ ይዞት ሄደ፤ ለሌላ ሰው ይሸጠዋል ብሎ ጠርጥሮኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አጥቢያ ታጣፊ ዘለበት የሚገዛ ሰው ሁሉ መቋሚያ ይዞ እኔ ዘንድ መጥቶ እንዲሞክር አደረግሁ።

ልጅቷንም ወደ ገበዝ ማርያም ከመመለስ አዳንኋት። ዛሬም እዚያው ቤት፣ ከባሏ ጋር ናት።