ሦስተኛው ዱላ

ዛሬ ጎረቤቴ ቦይ ሲያስቆፍር የጥቁር ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ በመስኮት ገባ። ወዲያው የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እናቴ በሞተች በወሩ አባቴ "አክስትሽን እንጠይቃት" ብሎ ከነቀምት ወደ ቢላ በእግር ይዞኝ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ደኑን ስንጨርስ ሰፊ ጨፌ ገጠመን። መንገድ መሪያችን ኦቦ ደሬሳ ለየራሳችን ዱላ ቆርጦ ሰጠን። ረግረጉ ስረግጠው ይሰረጉዳል። ዱላዬን እየሰካሁ፣ ጠንካራውን እየፈለግኩ፣ ማንም ሳይዘኝ ተሻገርኩ።

"ጎሽ፣ ኢንተላ ኮ!" አለኝ ኦቦ ደሬሳ፤ ልጄ ማለቱ ነው።

የአገሩ ሰው ጨፌ ከተሻገረ በኋላ ዱላውን ዳር ላይ ይተክላል፤ ሲመለስ ነቅሎ ይሻገርበታል። ኦቦ ደሬሳ ተከለ፣ አባቴም ተከለ። የእኔን ግን አባቴ ከእጄ ወስዶ በአጠገባችን ወዳለው ቁጥቋጦ ወረወረው።

"የልጅቷስ?" አለ ኦቦ ደሬሳ።

"እሷ አያስፈልጋትም" አለ አባቴ ፊቱን አዙሮ።

ስንመለስ ሊያዝለኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አክስቴ ቤት አደርን። ጠዋት ስነቃ አባቴም ኦቦ ደሬሳም የሉም።

ዱላውን ሩቅ አልወረወረውም ነበር። ምነው ያኔ ሮጬ ባነሳሁት እላለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ።