ያልተበላሸውን ዴክ ጠገንሁ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይህን ዘልዬዋለሁ፤ የቪዲዮ ነገር ከኃጢአት የሚቆጠር አልመሰለኝም ነበር። አሁን እጽፈዋለሁ። ያልተበላሸ ዴክ ጠገንሁ ብዬ ዋሸሁ፤ ምርቃትም ተቀበልሁበት።

ደብረ ታቦር ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ክፍል የሠርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ እየነካካሁ ነው የለመድሁት። ያን ጊዜ በሰከንድ ሃምሳ ሙሉ ሥዕል የሚያነሣ ካሜራ አግኝቼ ነበር። የመጀመሪያ ሥራው የጎረቤታችን የእትዬ አንጓች ወንድ ልጅ ሠርግ ሆነ። ዲስኩን በኮምፒውተሬ ስሞክረው የሚያጨበጭበው እጅ ጣቱ ይቆጠር ነበር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በሩጫ ወሰድሁላቸው።

ዘመድ ቤቱን ሞልቶታል። ዲስክ ማጫወቻውን ዴክ ያመጣችው የሙሽራው እህት እናኑ ናት፤ አራት ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ ስትመለስ እንዳይሰበርባት በጭኗ ይዛው ነበር የመጣችው። ቪዲዮው ሲጀምር የቆመው ሁሉ ጥርት አለ። የተንቀሳቀሰው ሁሉ ግን ወደፊት ወደኋላ ይንዘፈዘፋል። እስክስታው ላይ ሲደርስ የሙሽራው አጎት፣ "ሙሽራው ሚስት ነው ያገባ ወይስ ወባ ነው የያዘው?" አሉና ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

እኔ አልሳቅሁም። "ዴኩ ነው፤ አስመሳይ እቃ ሳይሆን አይቀርም" አልሁ። እትዬ አንጓች የመዝሙር ቪዲዮ ዲስካቸው በደህና እንደሚጫወትበት ነገሩኝ። ይህ አይበቃኝም ነበር? የመዝሙሩን ደህና የሚያሳይ ዴክ የእኔን ለይቶ ለምን ያንቀጠቅጣል? ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንሁ። "አታለውሻል፣ ልጄ" አሏት አጎትየው። እናኑ በነጠላዋ ጫፍ የዴኩን አቧራ ጠረገች። እኔም እጠግነዋለሁ ብዬ ተሸክሜው ወጣሁ።

ከክፍሌ አሮጌ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቼ ሦስት ቀን ዲስክ ስሠራ፣ ስጥል ሰነበትሁ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ገባኝ! አሁን እንኳ ስጽፈው እጄ ይፈጥናል። ዲቪዲ አንዱን ሥዕል መስመር እየዘለለ በሁለት ግማሽ ከፍሎ፣ አንዱን አስቀድሞ ሌላውን አስከትሎ ነው የሚያሳየው። እኔ አንዱን ግማሽ ከአንድ ቅጽበት፣ ሌላውን ከተከታዩ ቅጽበት ወስጄ፣ የኋለኛው እንዲቀድም አዝዣለሁ። ሰውየው ትከሻውን ሳያነሣ ያወርዳል ማለት ነው! ኮምፒውተሬ ሁለቱን ግማሾች እያዋሐደ ስሕተቴን ሸፍኖልኝ ኖሯል። ከሃምሳው ሥዕል ሃያ አምስቱን ብቻ አስቀርቼ፣ ሁለቱም ግማሾች ከአንድ ሙሉ ሥዕል እንዲወጡ አደረግሁና ፕሮግረሲቭ፣ ማለትም ሙሉ ሥዕል፣ የምትለዋን ምርጫ ነካሁ። አዲሱን ዲስክ በእናኑ ዴክ ከተትሁት። ትከሻው ተነሣ፣ ወረደ፤ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ብቻዬን አጨበጨብሁ።

ከዴኩ ላይ አንዲት ብሎን አልፈታሁም።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ሮጬ እውነቱን መናገር። ሮጥሁ፤ ግን "ጠግኜዋለሁ" ብዬ ዴኩንና አዲሱን ዲስክ አስረከብሁ። ሙሽራው እንደ ሰው ሲጨፍር ያዩት እትዬ አንጓች፣ "እጅህን ቁርጥማት አይንካው፣ ልጄ" ብለው መረቁኝ። የድካሜን አልቀበልም አልሁ፤ ደግነቴም ለሰፈሩ ተወራ። ፈርቼ ነው የዋሸሁት ብል ይቀለኝ ነበር። አልፈራሁም። ደስ ብሎኝ ነበር። ሥዕሉ ስለጠራልኝ፣ እናኑ ለእናቷ አስመሳይ እቃ እንዳመጣች ተቆጥራ መቅረቷ ትዝ አላለኝም።

ትዝ ያለኝ ዳግመኛ ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ ነው። ከባሕር ዳሩ ሚኒባስ መስኮት ጠራችኝና፣ "በዚህኛው ጊዜስ ለእናቴ ደህናውን ዴክ ነው የማመጣላት። አንተም ከመጠገን ታርፋለህ" አለችኝ።

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። "በሰላም ግቢ" አልሁ፤ መኪናው ሄደ።

ልጅ ነበርሁ፣ ሥራው አዲስ ነበር አልልም። ዴኩን ስወነጅል ጠርጥሬ ነበር፤ ጠገንሁ ስል አውቄ ነበር። ይቅርታውም የእርሷ ነው፤ ከሌላ ሰው አልለምነውም። እሑድ ለእናቷ ስትደውል ስልኩን እንዲሰጡኝ እትዬ አንጓችን እጠይቃለሁ፤ እርሳቸውም አጠገቤ ሆነው ይሰሙኛል። የምላት ይኸው ነው፦ እናኑ፣ ሌላ እንዳትገዢ። ያመጣሽው ደህና ነበር፤ ዲስኩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።